ቀመሩን ከማን እንጠብቅ? በጤና ተቋማት ሠንጠረዦች ላይ ስለሚደረግ የማክሮ ቁልፍ የቀረበ ሂስ

በብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የወሩ ሪፖርት የሚደመርበት፣ የመድኃኒት ክምችት የሚታሰብበት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሕፃናት የሚሰጥ መድኃኒትና ፈሳሽ የሚሰላበት የኤክሴል ሠንጠረዥ ይገኛል። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ለኮምፒዩተር ዝንባሌ ያለው አንድ የሥራ ባልደረባ ነው። ማንም አላሠለጠነውም፣ ማንም ተጨማሪ ክፍያ አልሰጠውም፤ ምሽቱን ሰውቶ ግን የብዙ ሰው ድካም አቅልሏል። ይኸው ባልደረባ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀመሮቹ ተነካክተውና ድምሩ ተዛብቶ ሲያገኝ መበሳጨቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው መፍትሔም አንድ ነው፤ ሠንጠረዡን በማክሮ መቆለፍ።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ባልደረባውን ሳይሆን መፍትሔውን ነው። ቁልፉ ቀመሩን ከተጠቃሚው እጅ እንደሚጠብቅ እሙን ነው። ቀመሩ ራሱ የተሳሳተ በሚሆንበት ጊዜ ግን ስሕተቱንም አብሮ ይጠብቀዋል፤ ሊያርመው ይችል የነበረውንም ሰው ከደጅ ያስቀራል። በጤና ሥራ ላይ ይህ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ጥቅም ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት በቃላቱ እንግባባ። የሠንጠረዡን ትናንሽ ክፍሎች የኮምፒዩተር ባለሙያዎች «ሴል» ይሏቸዋል። ቃሉ በሐኪሞች ዘንድ ሌላ ትርጉም ስላለው እዚህ «ሳጥን» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ቀመር በሳጥን ውስጥ የሚጻፍ የስሌት ትእዛዝ ነው። ማክሮ ደግሞ ተከታታይ ተግባራትን ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲፈጽም የሚያዝ አጭር ፕሮግራም ሲሆን፣ በኤክሴል ውስጥ የሚጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በገባው ቪዥዋል ቤዚክ በተባለው ቋንቋ ነው።

የአዘጋጁ ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። አንድ ሠራተኛ በድምሩ ሳጥን ላይ 47 ብሎ በእጁ ቢጽፍ ቀመሩን አጠፋው ማለት ነው። በዚያ ወር 47 ትክክለኛው ድምር ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ወር ከላይ ያሉት ቁጥሮች ተለውጠው ድምሩ 62 መሆን ሲገባው 47 እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። የሳጥኑ ቀለም አይለወጥም፤ ማስጠንቀቂያም የለም። እንዲህ ያለውን ጥፋት ለመከላከል መቆለፍ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሩ የሚጀምረው በቁልፉ ዓይነት ላይ ነው። በኤክሴል ውስጥ እያንዳንዱ ሳጥን ከመነሻው «የተቆለፈ» የሚል ምልክት አለው፤ ምልክቱ ግን ገጹ በጥበቃ ሥር እስካልዋለ ድረስ ምንም ሥራ አይሠራም። አዘጋጁ መረጃ የሚሞላባቸውን ሳጥኖች ከቁልፍ ነጻ ካወጣ በኋላ ገጹን በጥበቃ ሥር ያውላል። ይህ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ሲሆን ማክሮ አይፈልግም። ማክሮ የሚመጣው ከዚህ የበለጠ ሲፈለግ ነው። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ጥበቃውን እንደገና ለመጣል፣ ቀመር ያለበት ሳጥን ሲነካ የቀድሞውን ቀመር መልሶ ለመጻፍ፣ አልፎም የስሌቱን ገጽ በተራው ትእዛዝ ሊገለጥ በማይችል ሁኔታ ለመሰወር ይውላል። በጣም የተለመደው ዘዴ ፋይሉ ሲከፈት «እባክዎ ማክሮ ይፍቀዱ» የሚል አንድ ገጽ ብቻ እንዲታይና ማክሮው ሲፈቀድ ሌሎቹ ገጾች እንዲገለጡ ማድረግ ነው።

ይህ ዘዴ ዛሬ በራሱ ላይ ተመልሶበታል። ማክሮ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ዙሪያ እንደተዛመተው እንደ ሜሊሳ ላሉ ቫይረሶች መንገድ ሆኖ በመገኘቱ አምራቹ ኩባንያ ደረጃ በደረጃ ሲያጠብበው ቆይቷል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት በኩል በመጣ ፋይል ውስጥ ያለን ማክሮ ኤክሴል ከመነሻው ያግዳል። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫነው ኤክሴልም ማክሮ አያስኬድም። ስለሆነም ከወረዳው በኢሜይል የተላከው ፋይል ጤና ጣቢያው ሲደርስ የሚታየው ያቺው «እባክዎ ማክሮ ይፍቀዱ» የምትለው ገጽ ብቻ ልትሆን ትችላለች። አዘጋጁ ገጾቹን ያልሰወረ፣ ጥበቃውን ግን በማክሮው ላይ ብቻ የጣለ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ማክሮው ሳይነሣ ሠንጠረዡ ያለ ምንም ቁልፍ ይከፈታል፤ ተጠቃሚውም ተቆልፏል ብሎ ያስባል።

ሌላው ድክመት ለበሽተኛ ቅርብ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው። በሕፃናት ክፍል በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ መስመር ተሰጥቷል እንበል፤ ክብደት የሚሞላበት ሳጥን ክፍት ነው፣ መጠኑን የሚያወጣው ሳጥን ተቆልፏል። ነርሷ በ3ኛው መስመር የጻፈችው ክብደት የ4ኛው ሕፃን መሆኑን ታስተውልና ቁጥሩን ቆርጣ በ4ኛው መስመር ላይ ትለጥፈዋለች። ሁለቱም ሳጥኖች ክፍት ስለሆኑ ቁልፉ አይከለክላትም። ነገር ግን ኤክሴል የተቆረጠ ሳጥን ወዴት እንደሄደ እየተከተለ ቀመሮችን የማስተካከል ጠባይ አለው። በመሆኑም የ3ኛው መስመር የተቆለፈ ቀመር ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የ4ኛውን ሕፃን ክብደት ያነባል። ነርሷ የ3ኛውን ሕፃን ትክክለኛ ክብደት እንደገና ብትሞላም መጠኑ አይለወጥም። በ4ኛው መስመር ላይ የማጣቀሻ ስሕተት ምልክት ስለሚወጣ እርሱ ይታያል። በ3ኛው ላይ ግን ምንም ስሕተት የማይመስል፣ የሌላ ልጅ መጠን የሆነ ቁጥር ተቀምጧል። ቀመሩን ማንም አልነካውም፤ ቁልፉም አልተሰበረም። ቀመሩ የተሰወረ ከሆነ ደግሞ ነርሷ ሳጥኑን ተጭና ምን እንደሚያነብ ለማየት እንኳ አትችልም።

ቀመር መላሽ ማክሮዎችም የራሳቸው መዘዝ አላቸው። ማክሮ በገጹ ላይ ለውጥ ባደረገ ቁጥር ኤክሴል ያለፉትን ድርጊቶች ወደ ኋላ የመመለሻውን ዝርዝር ያጠፋል። እናም ተጠቃሚው የፈጸመውን ስሕተት ወዲያው የሚያርምበት ቀላሉ መንገድ በጥበቃው ስም ይዘጋበታል። ደግሞም እንዲህ ያለ ማክሮ ራሱ የሚጽፈው ነገር መልሶ እንዳይቀሰቅሰው ሥራውን ሲጀምር የለውጥ መከታተያውን ለአፍታ ያጠፋል። መሐል ላይ በአንድ ምክንያት ከተሰናከለ ኤክሴል ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ዘበኛው እንደተኛ ይቆያል። ስለ ይለፍ ቃሉ ብዙ ማለት አያሻም። ከ2013 በፊት በነበሩት የኤክሴል እትሞች የገጽ ይለፍ ቃል የሚቀመጠው እጅግ አጭር በሆነ መለያ ቁጥር ተለውጦ ስለነበር ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ብዙ ቃላት አንዱን ቁልፍ ይከፍቱ ነበር። አምራቹ ራሱም የገጽ ጥበቃ ከድንገተኛ ንክኪ ለመከላከል እንጂ ለምስጢር መጠበቂያ እንዳልታሰበ ይገልጻል። ቃሉን የሚያውቀው ባልደረባ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ግን ይህ ደካማ ቁልፍ ለቀሩት ሐቀኛ ሠራተኞች ጠንካራ ሆኖ ይገኛል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የአሠራር ጉድለት ነው፤ የተሻለ ማክሮ በመጻፍ ከፊሉ ሊታረም ይችላል። ዋናው ሂስ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ሆሊደይና ሴጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡትን የሕፃናት የዕለት ፈሳሽ ስሌት ሁላችንም እናውቀዋለን። ለመጀመሪያው 10 ኪ.ግ. በኪሎ 100 ሚ.ሊ.፣ ለሚቀጥለው 10 ኪ.ግ. በኪሎ 50 ሚ.ሊ.፣ ከ20 ኪ.ግ. በላይ ላለው በኪሎ 20 ሚ.ሊ. ነው። አዘጋጁ ይህን ወደ ቀመር ሲለውጥ ሦስተኛውን ደረጃ ዘነጋው እንበል። ሠንጠረዡን የሞከረውም በክፍሉ በሚበዙት ሕፃናት ክብደት፣ በ6፣ በ9ና በ14 ኪ.ግ. ነው። ውጤቱ 600፣ 900ና 1200 ሚ.ሊ. ይወጣል፤ ሁሉም ትክክል ነው። አዘጋጁ ረክቶ ቀመሩን ሰወረ፣ ቆለፈም። ከሳምንታት በኋላ 22 ኪ.ግ. የምትመዝን ልጅ ስትገባ ሠንጠረዡ 1540 ማለት ሲገባው 1600 ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ዓይን አይስብም። 40 ኪ.ግ. የሚመዝን ልጅ ሲገባ ግን 1900 መሆን የሚገባው 2500 ይሆናል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 600 ሚ.ሊ. ትርፍ ማለት ነው። ለታመመ ልጅ እንዲህ ያለው ትርፍ የደም ሶዲየምን ሊያወርድ እንደሚችል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ስሕተት ማን ሊያገኘው ይችል ነበር? የኮምፒዩተር ባለሙያው አይደለም፤ እርሱ ሕጉን አያውቅም። አዘጋጁም አይደለም፤ የዘነጋውን ነገር እንዳልዘነጋ ያምናልና። ሊያገኘው ይችል የነበረው የ20ውን ደንብ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ተረኛ ነርስ ወይም ሐኪም ነው። ይህ ሰው ኤክሴል ላያውቅ ይችላል። ሳጥኑን ተጭኖ 100ንና 50ን ሲያይ፣ 20ን ግን ሲያጣ ለመጠየቅ የሚበቃው እውቀት ግን አለው። ማክሮው የከለከለው ይህን ሰው ነው።

በዚህ ላይ ቁልፉ የሚያሳድረው ስሜት ይታከላል። የተቆለፈና የተሰወረ ሠንጠረዥ ማኅተም እንዳረፈበት ሰነድ የተረጋገጠ ይመስላል። ክፍት ሠንጠረዥ ላይ እንግዳ ቁጥር ያየ ሠራተኛ ሠንጠረዡን ይጠረጥራል፤ በተቆለፈው ላይ ያየ ግን ራሱን ነው የሚጠረጥረው። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሠንጠረዥ ስሕተትን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ሬይመንድ ፓንኮ ልምድ ያላቸው አዘጋጆችም ሳይቀሩ ከመቶ ቀመር በጥቂቶቹ ላይ እንደሚሳሳቱ፣ በሥራቸው ላይ ያላቸው መተማመን ግን ከዚህ ጋር እንደማይመጣጠን አሳይተዋል። በመቶ የሚቆጠሩ ቀመሮችን የያዘ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ አንዱም አልተሳሳተም ብሎ መቆለፍ እንግዲህ ከድፍረት የሚቆጠር ነው።

በሕክምና ታሪክ ለዚህ የሚጠቀስ ከባድ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የአንድ ካንሰር ጂኖች የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አስቀድመው ይናገራሉ ብለው ነበር። በሂዩስተን ኤም.ዲ. አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የሚሠሩት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ ውጤቱን ለመድገም ሲሞክሩ አልሆነላቸውም። የአሠራሩ ዝርዝር በሚገባ ስላልተገለጠላቸው ከወጡት ቁጥሮች ተነሥተው ወደ ኋላ እየቆጠሩ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ያገኙትም ተራ ነገር ነበር። በአንዳንዶቹ ዝርዝሮች ውስጥ የጂኖቹ ስም ከቁጥሮቹ ጋር በአንድ መስመር ተዛንፎ ነበር፤ በሌላ ቦታ ደግሞ «መድኃኒቱ የሚሠራበት»ና «የማይሠራበት» የሚሉት መለያዎች ተገላብጠዋል። ግኝታቸውን በ2009 ሲያሳትሙ በዚሁ ዘዴ መድኃኒት የሚመረጥላቸው በሽተኞች በክሊኒካል ሙከራ ውስጥ ገብተው ነበር። ሙከራዎቹ በመጨረሻ በ2010 ተቋረጡ፣ ጽሑፉም በ2011 ተሰረዘ። በኋላ በተደረገ መንግሥታዊ ምርመራ ሆን ተብሎ የተፈጸመ የመረጃ ማዛባት ጭምር መኖሩ ስለተረጋገጠ ነገሩን ሁሉ በአንድ መስመር መዛነፍ ላይ መጣል አይገባም። ሆኖም የተዛነፈውን መስመር ለማየት ዓመታት ማስፈለጋቸው ስሌቱ ለተመልካች ዝግ በመሆኑ ነው።

ከዚህም ሌላ የቀመር ቁልፍ ፈጽሞ የማይደርስባቸው ስሕተቶች አሉ፤ እነዚህ ከተጠቃሚው ንክኪ የሚብሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም መጨረሻ በእንግሊዝ አገር 15,841 የኮቪድ-19 ሕሙማን ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ቀርተው ነበር። ቀመር የነካ ሰው አልነበረም። መረጃው የገባበት ያረጀ የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይዝ የተረፈውን ሳይናገር ጥሎታል። ከእነዚያ ሕሙማን ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎችም በጊዜ ሳይፈለጉ ቀሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ወርን አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒዩተር ላይ ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ሜይ 13ን መዝግቧል። ቀንን አስቀድሞ በሚያነበው ላይ ደግሞ ጥቅምት 30 ማለትም 30/2 በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ውስጥ ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጥና ቀኖችን ከሚቆጥረው ቀመር ይወጣል። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ተወልዶ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ያረፈ ጨቅላ ዕድሜው 10 ቀን ነው፤ 2 የነሐሴ፣ 5 የጳጉሜን፣ 3 የመስከረም። ቀመሩ ሁለቱን ቀኖች በቀጥታ የሚቀንስ ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ከዲሴምበር 28 እስከ ጃንዋሪ 3 ይቆጥርና 6 ቀን ይላል። ከ7 ቀን በታች የሞተ በቅድመ ጨቅላነት ሞት ስለሚመደብ ሕፃኑ በተሳሳተ ረድፍ ይቆጠራል፤ ሪፖርቱን አይቶ የወሊድ ክፍሉን አሠራር የሚመረምረውም ኃላፊ ምክንያቱን በተሳሳተ ሳምንት ውስጥ ይፈልጋል። የአገራችን የጤና መረጃ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ወደተባለው ሥርዓት ከገባ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ እዚያ የሚገባው ቁጥር አስቀድሞ በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ላይ ከተደመረ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል። ማክሮ ለእውነተኛ ጥቅም ሊውል የሚችለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነበር፤ የእኛን ቀን በትክክል ወደ ፈረንጆቹ ለመለወጥ። በቁልፍ ሥራ ላይ የጠፋው ምሽት ለዚህ ቢውል ምንኛ በበጀ!

«ክፍት ከተውነው ሠራተኛው ያበላሸዋል» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እውነትነትም አለው። ነገር ግን መቆለፍና መሰወር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በተራው የገጽ ጥበቃ የተቆለፈ ሳጥን እንዳይጻፍበት ተከልክሎ ቀመሩ ግን ሊታይ ይችላል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ቀመሩ በአማርኛ ቃል ይጻፍ፤ «ከ20 ኪ.ግ. በላይ በኪሎ 20 ሚ.ሊ.» ቢባል ማንም ጤና ባለሙያ ያነበዋል። ክብደት በሚሞላበት ሳጥን ላይ ወሰን ይደረግ፤ 3.2 ለማለት 3200 የጻፈ ሰው ወዲያው ይመለሳል፤ ቀድቶ መለጠፍ ይህን ወሰን እንደሚያልፈው ግን ሠራተኛው ይነገረው። ቆርጦ መለጠፍ ክልክል መሆኑም በገጹ ራስ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን መልሳቸው አስቀድሞ በእጅ የተሠራ ጥቂት የሙከራ መስመሮች ከሠንጠረዡ ጋር ይኑሩ፤ 8 ኪ.ግ. 800፣ 15 ኪ.ግ. 1250፣ 22 ኪ.ግ. 1540፣ 40 ኪ.ግ. 1900። ስሌቱ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር እንኳ ካልተስማማ ገጹ በቀይ ያሳይ፤ ይህ ማክሮ ሳያስፈልገው የሚሠራ ነው። ቀመሩን ያልጻፈ ሌላ ባልደረባም እነዚህን መልሶች በወረቀት ላይ ለብቻው አስልቶ ከነስሙና ከነቀኑ ይፈርም። አደገኛ መድኃኒት ሲቀዳ ሁለት ነርሶች ተለያይተው እንደሚያሰሉት ማለት ነው፤ አንዱ የሌላውን መልስ አይቶ ራሱን ቢነቀንቅ እንደ ምርመራ አይቆጠርም።

የይለፍ ቃል ይኑር ከተባለም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ አይሁን። የናርኮቲክ ቁም ሣጥን ቁልፍ ከተረኛ ወደ ተረኛ ሲተላለፍ ርክክቡ በመዝገብ ይሰፍራል። አዘጋጁ ሲዛወር የሠንጠረዡ የይለፍ ቃል፣ የመጨረሻው እትም ቀንና የሙከራ መስመሮቹ ውጤት በክፍሉ የርክክብ መዝገብ ላይ ይስፈሩ፤ የክፍሉ ኃላፊም ይፈርምባቸው።